የዘነበች አባት

ዛሬ ማክሰኞ ገና በጠዋቱ ታምራት በሬን አንኳኳ። ታምራት እዚሁ ሆሳዕና አስተማሪ ነው፤ የአቶ ሄራሞ የልጅ ልጅ። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ እያሻሸ ሲቆም ነገሩ ገባኝ።

«እማማ አስቴር፣ አክስቴ ዘነበች ዐረፈች።»

አብረን አለቀስን። ሻይ ላፍላልህ ብለው እምቢ አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ከኮቱ ኪስ አንድ ሉክ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። «የሕይወት ታሪኳን እርስዎ እንዲጽፉልን ቤተሰቡ ለምኗል። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው። እኔ ድንኳን የሚተክሉትን ላናግርና በባጃጅ ተመልሼ እወስደዋለሁ።»

እዚህ ሰፈር ለቅሶ ሲሆን ወረቀቱ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የስንቱን ሟች ታሪክ እንደጻፍኩ እኔም አላውቀውም። ጽሕፈቷ ያምራል ይላሉ፤ ደግሞም ሟቹን ያለ ልኩ መልአክ አላደርገውም። አጀማመሩን ማንም ያውቀዋል። መነጽሬን አድርጌ «ዘነበች ከአባቷ ከአቶ» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቀጥ አለ። የአንድ ሰው ስም ነበር የቀረኝ። ያንን ስም ግን ሃምሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ስሸሸው ኖሬያለሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ እንግሊዝኛ የምሞካክር፣ በዚያም ትንሽ የምኮራ ልጅ ነበርኩ። ሆሳዕና ያኔ አንድ ሰፊ መንገድ፣ አንድ ገበያ፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶችና ብዙ ባሕር ዛፍ ነበረች። የገጠሩ ሰውማ ዋቸሞ እንጂ ሆሳዕና ብሎ አይጠራትም። ከገበያው ወረድ ብሎ ሰማያዊ በር ባለው የኪራይ ቤት ውስጥ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ትንሽ የሕፃናት መርጃ ድርጅት ተከፍቶ ነበርና እኔ መዝጋቢና አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ።

ሰው ትልቅ መሥሪያ ቤት ይመስለው ነበር። ሦስት ነበርን። ሚስ ግሬታ ነርስም ኃላፊም ነበረች፤ ረጅም፣ ፀሐይ አፍንጫዋን የላጣት፣ ሳቅ የማታውቅ የምትመስል፣ ሕፃን ሲያለቅስ ግን ዞር ብላ ዓይኗን የምትጠርግ ሴት። በዕድሜ እናቴ ልትሆን ትንሽ ነበር የቀራት፤ እንዲህ በአንቺታ የማነሣት «አንቺ» በይኝ ብላ ግድ ስላለችኝ ነው። ጋሼ ኑሪ የላንድሮቨሩ ሾፌር፣ መካኒክ፣ ወተት በጥባጭ፣ ሲያስፈልግም ሕፃን አባባይ ነበሩ። በሳምንት አንድ ቀን የዱቄት ወተት ጭነን ሺንሺቾ ድረስ እንሄዳለን። መንገድ ዳር ተሰልፈው የሚጠብቁን ልጆች ገና የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ጣሳቸውን መደብደብ ይጀምራሉ፤ ጋሼ ኑሪም ደስ ሲላቸው በጥሩምባ ይመልሱላቸዋል። ከእኛ ሌላ ደግሞ «ኮሚቴው» የሚባል ነበር። ባሕር ማዶ ነው ያለው፤ አንድም ቀን አላየነውም፤ በየወሩ ግን ደብዳቤ ይጽፋል። ጋሼ ኑሪ ኮሚቴውን አንድ ሰውዬ አድርገው ነበር የሚያስቡት። ፖስታ በመጣ ቁጥር «ዛሬስ ኮሚቴው ምን አለ? ተቆጣ?» ይሉኛል።

ኮሚቴው የሚረዳው አባት የሞተበትን ልጅ ብቻ ነበር። የተመዘገበ ልጅ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ካርድ ይወጣለታል፣ ወተትና ልብስ ያገኛል፤ ከታመመም አዲስ አበባ ተወስዶ ይታከማል። ላልተመዘገበው ሚስ ግሬታ ቁስሉን ታጥብለታለች፣ ቅባት ትቀባዋለች፣ በቃ። እኔ ከመቀጠሬ በፊት አንድ ሰው እሱ ጠጅ ቤት ተቀምጦ ልጁን «አባቱ ሞቷል» አሰኝቶ አስመዝግቦ ኖሮ፣ ነገሩ ሲታወቅ ከባሕር ማዶ የቁጣ ደብዳቤ መጥቷል። ስለዚህ ሚስ ግሬታ በመጀመሪያው ቀን አስጠነቀቀችኝ። «ደንቡን አስቀድመሽ ለሰው አትንገሪ። ቤታቸው ሄደን በሽማግሌ ፊት እንጠይቃለን። እነሱ ያሉትን ትጽፊያለሽ፤ ከራስሽ አንድ ቃል አትጨምሪም።» እኔም ጎበዝ ተማሪ ነበርኩና ቃሏን ሳላዛንፍ ያዝኩ።

ሌሞ ወደሚገኘው ወደ አቶ ሄራሞ ቤት የሄድነው መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ላንድሮቨሩ ከወንዙ ማዶ ቀርቶ ዳገቱን በእግራችን ወጣነው። ገብሱ አረንጓዴ ነው፤ የእንሰቱ ቅጠል የሌሊቱን ዝናብ ገና አላራገፈም፤ ከየቤቱ የሚነጠር ቅቤ ይሸታል። እኔ ለክብሬ ብዬ ነጭ የሸራ ጫማ አድርጌ ስለነበር ስንደርስ ነጭነቱ የለም። ይህን ያየችው ዘነበች ናት። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ሮጣ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ መጣችና ተንበርክካ ጫማዬን ጠረገችልኝ። ፊቷን አዘንብላ በአንድ ዓይኗ ብቻ እያየች ነበር የምትጠርገው።

የዓይን ማዝ ይዟታል። የሽፋሽፍቷ ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኗን ይወጋታል። እናቷ ወይዘሮ አየለች በየሁለት ቀኑ ጭናቸው ላይ አስተኝተው በወረንጦ ይነቅሉላታል፤ እሱ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ግራ ዓይኗን ነጭ ነገር ጋርዶታል። ቀኙ ያያል። ሚስ ግሬታ ቀኙን በባትሪ ተመለከተችና በእንግሊዝኛ «ይህ ይተርፋል» አለችኝ። አዲስ አበባ ይህን የሚያክም አንድ የውጭ ሐኪም ነበር፤ ጥምቀት ሲያልፍ አገሩ ይመለሳል። ልጅቷ ተመዝግባ ከዚያ በፊት ከተወሰደች አንድ ዓይን ይኖራታል። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ምንም የተወሳሰበ የለውም።

አቶ ሄራሞ በበዓል ሰሞን እንግዳ ባዶ አፉን አይወጣም ብለው አተካና አቀረቡልን። ቡላው በወተትና በቅቤ ታሽቶ ገና ትኩስ ነው፤ ጣዕሙ ዛሬም ምላሴ ላይ አለ፤ ሚስ ግሬታ እንኳ ደግማ ጨመረች። ጎረቤት የሆኑ ሦስት ሽማግሌዎች አብረውን ተቀምጠዋል። እጃችንን ከታጠብን በኋላ ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ በሀዲይኛ ጠየቅኩ።

«የልጅቷ አባት በሕይወት አሉ?»

አቶ ሄራሞ ሳቁ። «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አሁን ያበላሽ ማን መሰለሽ?»

ሽማግሌዎቹም አብረው ሳቁ።

የእኛን አገር ወግ ለማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። የዘነበች ወላጅ አባት የአቶ ሄራሞ ታላቅ ወንድም አቶ ኤርሲዶ ነበሩ። ወደ ግቤ ቆላ ወርደው ወባ ይዟቸው ተመለሱና ሞቱ፤ ዘነበች ያኔ ጡት አልጣለችም። በእኛ ዘንድ ወንድም ሲሞት ወንድም ሚስቱን ይወርሳል፤ ቤቱን ያቆማል፤ ልጆቹም የራሱ ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ ያንን ልጅ የሙት ልጅ ብሎ መጥራት ያሳደገውን ሰው ፊት ለፊት መስደብ ነው። ለልጁም አይነገረውም። ዘነበች አቶ ሄራሞን «አና» ነበር የምትላቸው፤ አባቴ ማለቷ ነው። ሌላ አባት እንደነበራት አልሰማችም።

እኔ ግን አውቅ ነበር። በአቶ ኤርሲዶ ለቅሶ ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ሄጃለሁ፤ ለቀስተኛው በፈረስ ሲዞር ፈርቼ ነጠላዋ ውስጥ ተሸጉጬ ነበር።

«አለ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ አቶ ሄራሞ። ሳቃቸው ጠፍቷል። «በእኔ ቤት የሙት ልጅ የለም።»

ሚስ ግሬታ በተሰባበረ አማርኛዋ «አባት አለ?» አለችኝ።

«አለ» አልኳት። ጻፍኩም። በሕይወት አለ።

ስንወጣ ወይዘሮ አየለች እስከ አጥሩ ሸኙን። ሚስ ግሬታ ቀደም ስትል እጄን አጥብቀው ያዙ። «ገበያ ላይ ሰምቻለሁ። የሚወስዱት አባት የሌለውን ነው ይላሉ። እኔ በሽማግሌ ፊት ምን ልበል? አንቺ ታውቂያለሽ፤ ለፈረንጇ ንገሪልኝ። እኔ ከእሷ ጋር የምናገርበት አፍ የለኝም።»

«እነግራታለሁ» አልኳቸው። የምነግራትም መስሎኝ ነበር።

ከዳገቱ ወርደን ላንድሮቨሩ ድረስ፣ ከዚያም ሆሳዕና ድረስ ከሚስ ግሬታ ጎን ተቀምጬ መጣሁ። አልነገርኳትም። ለምን ብትሉኝ፣ እኔም እንደ ዘነበች ነኝ። አባቴ የሞተው እኔ ሳልወለድ ነው። ፈረሱ ላይ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ፣ «ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን ነው» ካሉት ጋር ሁሉ የተጣላልኝ አጎቴ ነው። ስቀጠር ሚስ ግሬታ በሰጠችኝ ቅጽ ላይ አባት በሚለው ፊት የእሱን ስም ጽፌ፣ በሕይወት አለ ብዬ ፈርሜያለሁ። ውሸት መሆኑ አልታየኝም፤ ዛሬም ውሸት ነው ብል አንጀቴ እሺ አይለኝም። ዘነበች አባት የላትም ብዬ ብናገር እኔም የለኝም ማለቴ ነው። አጎቴን በቁሙ የቀበርኩት መሰለኝ።

ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ነበር። ቅጹን አሳስተሽ ሞላሽ ተብዬ እንጀራዬን እንዳላጣ ፈራሁ። የመጀመሪያውን ምክንያት ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ፤ ሁለተኛውን ለማመን ግን ፀጉሬ መሸበት ነበረበት።

የልጆቹ ስም ዝርዝር፣ ዘነበች ሳትገባበት፣ በጥቅምት ወደ ኮሚቴው ሄደ። በኅዳር፣ በገበያ ቀን፣ ወይዘሮ አየለች ሰማያዊው በር ላይ ቆመው አየኋቸው። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘዋል።

«ነገርሽልኝ?»

«ነገርኳት» አልኩ። «መልስ እየጠበቅን ነው።»

ቅቤውን ሰጡኝና ግንባሬን ሳሙኝ። ተቀበልኳቸው። በሕይወቴ ብዙ የማፍርበት ነገር አለ፤ ያንን ቅቤ የሚያህል ግን የለም። ያን ቀን እንኳ ዞሬ ሚስ ግሬታ ክፍል ብገባ ጊዜ ነበረ፤ ጥምቀት ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገውን ሺንሺቾ ሄድን። በሳምንቱ ኩፍኝ ገባና ሥራ በዛ። እንዲህ እንዲህ እያለ ታኅሣሥ አለቀ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ወተት በምናድልበት ቀን፣ አቶ ሄራሞ በፈረስ መጡ። ዘነበችን ከእናቷ ጋር ከአጥሩ ውጪ ዛፍ ሥር አስቀምጠው ብቻቸውን ገቡ። ግቢው ጣሳ በያዙ እናቶች ሞልቷል፤ ግማሾቹ የእሳቸው አገር ሰዎች ናቸው። አቶ ሄራሞ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንዲህ ያለ ሰው ለእኔ ባርኔጣ ሲያወልቅ ምን ይዋጠኝ።

«አስቴር፣ ያንን ወረቀት አምጪው» አሉ ሰው ሁሉ እየሰማቸው። «አባቷ ሞቷል ብለሽ ጻፊ።»

ወተት የምትቀበለው ሴት ጣሳዋን ዝቅ አደረገች።

«ደንባችሁን ሚስቴ ትናንት ነገረችኝ። ቀኙም ዓይን ከቀላ ሰነበተ፤ አሁን ብርሃን አላይ ብላለች። ለዓይኗ መሆኑን ብትነግሪኝ ኖሮ እኔ እምቢ እል ነበር? እዚያው አተካናው ላይ ሞቻለሁ እልሽ ነበር እኮ!»

ሚስ ግሬታ ወጥታ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። አንድም ሳልቀንስ ተረጎምኩላት፤ ስለ አቶ ኤርሲዶም፣ ስለ ቅቤውም ነገርኳት። ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ከደረጃው ተነሣች። ጋሼ ኑሪን ጠርታ ነዳጅ እንዲሞሉ አዘዘች። ኮሚቴውን አልጠየቀችም፤ መልስ አልጠበቀችም።

አዲስ አበባ ያኔ የሁለት ቀን መንገድ ነበር። ዘነበች ከኋላ በእኔና በአቶ ሄራሞ መካከል ተቀመጠች። መኪና ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኗ በጨርቅ ታስሮ «አሁን ምን አለ?» እያለች ትጠይቃለች፤ አቶ ሄራሞም «በሬ ያርሳል፣ ሴትዮ ውኃ ተሸክማለች፣ አሁን ድልድይ ነው» እያሉ ይነግሯታል። ሁለት ቀን ሙሉ አልሰለቻቸውም።

የውጭው ሐኪም ከሄደ ሳምንቱ ነበር። ሌላ ሐኪም ያያታል ተባልን፤ መጀመሪያ ግን ካርድ መውጣት ነበረበት። መዝጋቢው በጠባብ መስኮት ውስጥ ተቀምጧል። በድርጅቱ ወጪ የምትታከም የሙት ልጅ መሆኗን ከሚያሳድጓት ሰው አፍ መስማት አለብኝ አለ። አቶ ሄራሞ አማርኛው ስለማይሆንላቸው መተርጎሙ የእኔ ሥራ ነው። ዘነበች የእሳቸውን ጣት ይዛ ቆማለች። ልጅቷን ዞር እንዳደርጋት አልታሰበኝም፤ ያኔም ሌላ ስህተት ሠራሁ።

«የልጅቷ አባት በሕይወት አሉ?» አልኩ በሀዲይኛ። ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው ቃል።

አቶ ሄራሞ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ። «ሞቷል። ኤርሲዶ ይባላል። ወንድሜ ነበር።»

ዘነበች የታሰረ ፊቷን ወደ ድምፃቸው ቀና አደረገች።

«አና፣ የማን አባት ነው የሞተው?»

መዝጋቢው ማኅተሙን መታ። ዘነበች ትንሽ ቆይታ ጣታቸውን ለቀቀች።

ሐኪሙ ጨርቁን ፈትቶ ብዙ ጊዜ አያት። ከዚያ ሚስ ግሬታን ወደ ጥግ ወስዶ አነጋገራት። እኔ እንግሊዝኛውን ሁሉ አልሰማሁትም፤ የሚስ ግሬታን ትከሻ ግን አየሁ፤ መተርጎምም አላስፈለገኝም። ብሌኑ ቀድሞ ተበስቷል። ከጥምቀት በፊት ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር።

ስንመለስ ዘነበች ምን አለ ብላ አልጠየቀችም። አቶ ሄራሞ በሬ ባዩ ቁጥር አፋቸውን ከፈት ያደርጉና ይተዉታል። ከቡታጅራ ወዲህ ጋሼ ኑሪ ሞተሩ ሞቀ ብለው አቁመው ወረዱ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። ሞተሩ አልሞቀም ነበር።

ሚስ ግሬታ አላባረረችኝም። የራሷንም ጥፋት እንደ ቆጠረችው የገባኝ ቅጹን እንደገና ስታዘጋጅ ነው። አባት የሚለውን ሰርዛ በሁለት መስመር ከፈለችው፤ ወላጅ አባት፣ ያሳደገ አባት። ኮሚቴው ለምን ብሎ ጻፈ፤ እሷም መልሳ ጻፈች፤ ምን እንዳለችው አላሳየችኝም። በዚያ ቅጽ ከዚያ በኋላ የገቡ ልጆች አሉ፤ አንዳንዶቹ ዛሬ አያት ሆነዋል፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኛል። ጃንሆይ ከወረዱ በኋላ ድርጅቱ ተዘጋ፣ ሚስ ግሬታም አገሯ ገባች። ጋሼ ኑሪ ከሞቱ ቆይቷል።

ዘነበች አላገባችም። እንሰት በእጇ ዳብሳ ትፍቅ ነበር፤ ቆጮዋ ንጹሕ ነው ተብሎ ገበያ ላይ ይፈለጋል። ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ትቆም ነበር። እርምጃዬን ታውቀዋለች፤ ገና ከሩቅ «አስቴር መጣች» ትላለች። እናቷ እንደነገሩኝ ከአዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ብዙ ወራት አቶ ሄራሞን በምንም ስም አትጠራቸውም ነበር። አንድ ቀን በበልግ ዝናብ ጓሮ ውስጥ ተንሸራታ ወደቀችና «አና!» ብላ ጮኸች። አቶ ሄራሞ ሮጠው አነሷት፤ ከዚያም ወደ እንሰቱ ውስጥ ገብተው እስኪመሽ አልወጡም።

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ ከጸሎት ስንመለስ ክንዴን ይዛ እየሄደች፣ «አስቴር፣ ያኔ ከሚስ ጋር ስትመጪ አባቴ መሞቱን ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«ልጅ ነበርኩ» አልኳት።

«እኔም ልጅ ነበርኩ» አለችና ሳቀች። ሌላ አልጠየቀችኝም። ታውቅ ይሆን? እናቷ ነግረዋት ይሆን? አሁን የምጠይቀው ሰው የለም።

ዛሬ ጠዋት እንግዲህ ታሪኳን ጻፍኩ። «ዘነበች ከአባቷ ከአቶ ኤርሲዶና ከእናቷ ከወይዘሮ አየለች ሌሞ ውስጥ ተወለደች። በአባቷ በአቶ ሄራሞ ቤት አደገች።» ታምራት ሲመለስ አነበበውና ግንባሩን ቋጠረ።

«እማማ፣ አባቷ የሚለው ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ ላርመው?»

«ሁለት ነበሯት። እንዳለ አንብበው» አልኩት።

ድንኳኑ ውስጥ እንዳለ አነበበው። ድምፁ ጥሩ ነው። ከፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀምጠውኛል፤ የሚያልፈው ሁሉ እጄን እየያዘ ያጽናሽ ይለኛል። ቀጥሎ ያለውንም መስመር አነበበ፤ እሱንም በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። «በልጅነቷ ባደረባት ሕመም የዓይኗን ብርሃን አጣች።»

ከአጠገቤ የተቀመጠች፣ የማላውቃት ወጣት ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ምስኪን! በሽታ ነው እንዴ ያጠፋባት?»

«አዎ፣ በሽታ ነው» አልኳት።

ይኸን ሁሉ የጻፍኩት ከቀብር ተመልሼ፣ እግሬን እንኳ ሳልታጠብ ነው።